ጌም የቀረበበት ሽምግልና

«ለመጫወቻ የምታለቅስ ሴት፣ የመንገድ ዳር ክፍል ምን ያደርግላታል?»

እንዲህ ያለችው የወንድሟ ሚስት ሩፋይዳ ናት። ፈይዛ ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትመለስ ነው ነገሩ በግድግዳው አልፎ ጆሮዋ የገባው። የጭቃ ግድግዳ ብርድ እንጂ ወሬ መከልከል አይችልም፤ የመካነ ሰላምን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ብርዱንም በቅጡ አይከለክልም። ወንድሟ ከማሉዲን ምን እንደመለሰ አልሰማችም። ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ ሰማች፤ እሱ ነገር ሲጠፋውም ነገር ሲያገኝም ጉሮሮውን ይጠርጋል። በሯን ገፋ ስታደርግ ግን መልሱ ክፍሏ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት፤ ሦስት ጆንያ ጤፍ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ።

እህል ነጋዴ ጆንያውን የሰው ክፍል የሚያስገባው መጋዘን ስለጠበበው ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ጆንያው ይገባል፣ ቀጥሎ ሚዛኑ፣ ከዚያ ተሸካሚዎቹ ሳያንኳኩ መግባት ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ባለክፍሏ ራሷ እንግዳ ትሆናለች። ፈይዛ ይህን ለመረዳት ምርመራ አላስፈለጋትም። አንድ ሞባይል ጠጋኝ ክፍሉን ሊከራይ ፈልጎ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከወንድሟ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገር አይታለች። ዛሬ ጁምዓ ደግሞ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ትናንት ተነግሯታል። ክፍሉ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ልጆች ቁርኣን ያቀሩበት የነበረ ነው። ከመሞታቸው በፊት «አንቺ እዚህ ስፊ፣ ብርሃን አለው» ብለው የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስደርገውላታል። ከማሉዲን ግን «ስፊ ማለት ውረሺ ማለት አይደለም» ይላል። ለእሷ የታሰበላት ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው መስኮት አልባ ክፍል ነው። እዚያ ክር በመርፌ ማስገባት ይቅርና አልጋውንም በዳበሳ ነው የሚያገኙት።

ማልቀሷስ እውነት ነው። ጌሟ ከመዳፍ ትንሽ ሰፋ ያለች፣ ጥጓ የተላጠ፣ በሁለት እጅ ይዘው የሚጫወቱባት መሣሪያ ናት። ኩዌት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጅ አዲስ ሲገዛላት አሮጌዋን ከነጨዋታ ካርዶቿ ለፈይዛ ሰጠቻት፤ እንግሊዝኛዋም ቢሆን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ በዚችው ነው የተሳለው። ትናንት ያስለቀሳት «አውሬ ማፋለሚያ» የምትለው ጨዋታ ነው። ከእንቁላል ያስፈለፈለቻት፣ እሳት የምትተፋ ትንሽ እንሽላሊት ነበረቻት፤ ስሟን በርበሬ ብላታለች። በዚያ ጨዋታ የወደቀ አውሬ አይነሳም። በርበሬ ከበረዶ ዝሆን ጋር ገጠመች። ፈይዛ ማፈግፈጊያውን መጫን ስትችል እልህ ይዟት ሳትጫን ቀረች፣ በርበሬም ወደቀች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንደ ልጅ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። ታዲያ ምን ይሁን? ሩፋይዳ ራሷ ለውጭ አገር ተከታታይ ፊልም መሐረብ የምታረጥብ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ማንም ሽማግሌ አልጠራባትም። ተመልካች ሲያለቅስ አዛኝ፣ ተጫዋች ስታለቅስ ግን እብድ የሚያሰኘው ምኑ እንደሆነ ፈይዛ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ሩፋይዳ ቁርስ ይዛ ስትገባ ጆንያዎቹን እንዳላየች ሆና አለፈቻቸው። ሳህኑን የስፌቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «አብሽሪ፣ ለጊዜው ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ፈይዛ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ትገጥም ነበር፤ ቀና ሳትል መርገጫውን መታችው። ሁለቱ ሴቶች ድሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ሲሳሳቁ የሚውሉ ነበሩ። አሁን በመካከላቸው የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። ሩፋይዳ ወጣች። ፈይዛ በሩ ሲዘጋ አንዱን ጆንያ በሁለት እጇ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። እሷም ስድብ ቢጤ በአፏ አጉረምርማ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

እኩለ ቀን ላይ ሰዓድ መጣ። ሰዓድ በአቀስታ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው የልጆች አባት ነው። መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ ከመሪው ሥር ደብቆ ይጫወታል። እንደ እሱ ያሉ በከተማው ውስጥ ጥቂት አይደሉም፤ አዲስ ካርድ ባገኙ ቁጥር ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለፈይዛ ያስቀምሷታል። እሷ ጨዋታን የምትፈርጀው በእህል ነው፤ ፍሬ፣ ግርድ፣ ገለባ። ሰዓድ የጥፍር ስፋት ያላትን ካርድ ከደሴ በሙከራ ነበር ያመጣት። ፈይዛ እጅጌውን አስቀምጣ፣ ካርዷን ሰክታ፣ ጥቂት ተጫወተችና መለሰችለት።

«ገለባ ነው።»

«ኧረ በአላህ! ገና ምኑን አይተሽው?»

«ገለባ ለመለየት ጆንያው ሙሉ አይቀመስም። እያቸው እስቲ፣ አውሬዎቹ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው፤ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ነው የሚነክሰው። ብትሸነፍ የምታጣው የለ፣ ብታሸንፍ የምታገኘው የለ። የማያስፈራ ግጥሚያ ምኑ ይጣፍጣል?»

ሰዓድ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ፊቱን አጨፈገገ፤ ሆኖም አልተከራከረም። ፈይዛ የራሷን ካርድ መልሳ ሰካችና ሰሞኑን አላልፍ ያላትን ቦታ አሳየችው። ይህኛው «ችሎቱ» የምትለው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጠበቃ ይሆናል። አንድ ምስኪን የወፍጮ ሠራተኛ ሰው ገድለሃል ተብሎ ቆሟል፤ አንዲት አይብ ሻጭ ትመሰክርበታለች፤ ውሸቷ የቱ ጋ እንዳለ ማግኘት የጠበቃው ሥራ ነው። ፈይዛ ቃሏን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። «ጎህ ሲቀድ ነበር። ጭጋግ አልነበረም። ተከሳሹ በቅሎዋን እየሳበ ድልድዩን ሲሻገር አየሁት፣ ውርንጭላዋም ከኋላ ከኋላ ትከተል ነበር። ፊቱን ለየሁት።» ስለ ጎሁ ጠይቃለች፣ ስለ ጭጋጉ ጠይቃለች፣ ድልድዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቃለች። በተሳሳተች ቁጥር ዳኛው መዶሻውን እየመታ ቀጥቷታል። አሁን አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀራት፤ ከሳተች የወፍጮ ሠራተኛው ይፈረድበታል።

«እኔ እንጃ» አለ ሰዓድ። «ሴትዮዋ እውነቷን ይመስለኛል።» ከዚያ ጆንያዎቹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ ለሽማግሌዎቹ ተውኩት በያቸው። ምን ቸገረሽ? በኋላ በርሽን ዘግተሽ ትጫወቻለሽ። የኔ ሚስት እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ወላሂ።»

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ መሄድ የሚባለው ይህ ነው። ፈይዛ ሳቀች። «እኔ ምን ሰርቄ ነው የማጎነብሰው?» አለችው። «ይልቅ አንተ ና ቁምልኝ። እኔም እጫወታለሁ፣ እብድም አይደለሁም በላቸው።»

ሰዓድ ወደ መንገዱ አየ። መኪናው ሳይሞላ አይቀርም፣ ረዳቱም እየጠራው ይመስለዋል። ማንም ሲጠራው አልተሰማም። «አላህ ያግዝሽ፣ እህቴ» ብሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ከአስር ሶላት በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ሰብሳቢው ሸህ መሐሙድ ናቸው፤ በልጅነታቸው በዚሁ ክፍል ከፈይዛ አባት ሥር ተቀምጠው ቁርኣን የቀሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ሁለተኛው ሐጂ አሕመድኑር ናቸው። ከወረኢሉ እስከዚህ ፈረስና በቅሎ ሲነግዱ ያረጁ፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ፣ የከማሉዲንም ወዳጅ ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤቱ አቶ ውበቱ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ክርስቲያን ናቸው። በዚህ ሰፈር ግን ያለ እሳቸው ሽምግልና አይቀመጥም። የከማሉዲን ሳሎን በእህል ስለተሞላ የሚቀመጡት እሷው ክፍል ሆነ። ፈይዛ ምንጣፉን አነጠፈች። ጌሟን አልደበቀችም፤ መስኮቱ ላይ እንደነበረች ተወቻት።

ከማሉዲን ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። እህቱን አይጠላም፣ ይልቁንም አዝኖላት ነው። አባታቸው ቁርኣን ያቀሩበት ክፍል ዛሬ የአውሬ ጩኸት ይሰማበታል። ሹፌሩም ጎረምሳውም «ይችን ካርድ እይልን» እያለ ደጃፏን ይረግጣል። ትናንት ደግሞ ይኸው አለቀሰች። አእምሮዋ ቢጎዳስ? ከቤተሰቡ አጠገብ፣ ወደ ውስጥ ብትገባ ለራሷ ይሻላታል። ሐጂ አሕመድኑር በየመሐሉ «ሐቅ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈይዛ በጨዋታው እንደለመደችው እያንዳንዱን ቃል ስታዳምጥ ቆይታ፣ ተራ ሲሰጣት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አያ ከማል፣ ሞባይል ጠጋኙ ሁለት ጊዜ የመጣው ለኔ አዝኖ ነው?»

በጨዋታው ቢሆን ይኼኔ ምስክሩ ያልበዋል፣ ይንተባተባል፣ ጠረጴዛውን ይመታና ሁሉንም ይናዘዛል። ከማሉዲን ግን ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። «አዎ፣ ክፍሉን ሊከራይ ነው። ቢከራይስ? ገንዘቡ ለሁላችንም ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ከጥፋት አልቆጠሩትም። የችሎቱ ጨዋታ ትልቁ ጉድለት ይህ እንደሆነ ፈይዛ አሁን ገባት፤ እዚያ የተያዘ ውሸታም ይወድቃል፣ መካነ ሰላም ላይ ግን የተያዘ ሰው «ቢሆንስ?» ይላል።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሊመክሩ ወደ ደጅ ወጡ፤ ወንድምና እህት ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። ከማሉዲን የአንዱን ጆንያ አፍ መስፊያ ይነካካል። እሷ መርፌ መሰኪያዋን ታስተካክላለች። አባታቸው የታመሙ ጊዜ በዚሁ ምንጣፍ ላይ እየተፈራረቁ ያስታምሟቸው ነበር፤ ያን ጊዜም ብዙ አያወሩም፣ ዝምታው ግን እንዲህ አይከብድም ነበር። እሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱና ሸህ መሐሙድ ፍርዱን ተናገሩ። እንደ ወጉ ለሁሉም የሚደርስ ፍርድ ነው። ክፍሉ በፈይዛ እጅ ይቆይ። ከማሉዲን ጆንያውን ያውጣ። ፈይዛ ደግሞ ለወንድሟ ክብር ስትል መጫወቻውን ትተው፤ ዛሬውኑ ለወንድሟ ታስረክብና ይሸጠው። «እሺ በይና ዱዓ እናድርግ» አሉ። ሦስቱም መዳፋቸውን ዘረጉ፣ አቶ ውበቱም ጭምር። ከማሉዲን ሳይወድ ዘረጋ። በሩ ላይ የቆመችው ሩፋይዳ ትንፋሿን ለቀቀች። ደህና ፍርድ ነበር። ማንም ቢሆን ተነስቶ ጉልበት ስሞ ይቀበለዋል።

ፈይዛ የተዘረጉትን መዳፎች አየች። እጆቹ በአየር ላይ ቆዩ። ሰዓድ ትዝ አላት፤ እሺ ብሎ ከመሪው ሥር መደበቅ። ከዚያ በርበሬ ትዝ አለቻት፤ ያኔ አላፈገፍግም ማለቷ ዋጋ አስከፍሏታል። ቢሆንም አሁንም ማፈግፈጊያውን አልተጫነችም።

«አልተውም» አለች።

እጆቹ ቀስ በቀስ ወረዱ። «ምን አልሽ?» አሉ ሐጂ።

«አልተውም አልኩ፣ ሐጂ። እሺ ካልኩ ጥፋት ነበረብኝ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እሰፋለሁ፣ ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ የማንንም አልነካሁ። ሥራዬን ጨርሼ በዚች ደስ ይለኛል። የሚያስደስተኝ ነገር ብዙ አይደለም፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ጥፋቴን ንገሩኝና እተዋለሁ። ክፍሌን በደስታዬ አልገዛውም።»

«ሽማግሌ ረገጠች!» ሐጂ አሕመድኑር ተነሱ። «መሐሙድ፣ ሰማህ? ሽማግሌ ረገጠች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ይህን ነው!»

«ሐጂ፣ አንቱ ፈረስ ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ ይገዛሉ?» ፈይዛ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። «ይችን ነገር አንዳችሁም አላያችኋትም። ሳታዩ ነው የፈረዳችሁባት። ቅድም ደጅ ወጥታችሁ ስትመክሩ ምኗን መከራችሁ? ተቀመጡና እዩአት። አይታችሁ ጥፋት ካገኛችሁባት በገዛ እጄ ለአያ ከማል አስረክባለሁ።»

«ሳያዩ መፍረድስ ደግ አይደለም» አሉ ሸህ መሐሙድ። «አሕመድኑር፣ ተቀመጥ። አምጫት፣ ልጄ።»

ፈይዛ ጌሟን ከመስኮቱ አንስታ በመካከላቸው ተንበረከከች። ወፍጮ ሠራተኛውን አሳየቻቸው፣ ስለ ሟቹ ነገረቻቸው፣ ከዚያ የአይብ ሻጯን ቃል እያነበበች ተረጎመችላቸው። አቶ ውበቱ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ፤ ልጅቱ ከራሷ እንዳትጨምር መሆኑ ነው። ሐጂ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «ጎህ ሲቀድ ነበር» አለች ፈይዛ። «ጭጋግ አልነበረም። ተከሳሹ በቅሎዋን እየሳበ ድልድዩን ሲሻገር አየሁት፣ ውርንጭላዋም ከኋላ ከኋላ…»

«ቁሚ!» አሉ ሐጂ አሕመድኑር።

መቁጠሪያው ቆሟል። ዞር ብለዋል። «የማን ውርንጭላ?»

«የበቅሎዋ።»

«ውበቱ፣ እውነት እንዲያ ይላል?»

አቶ ውበቱ ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አስኬዱ። «ይላል። የበቅሎዋ ልጅ ነው የሚለው።»

«ውሸታም!» ሐጂ ጉልበታቸውን መቱ። «ውሸታም ሴትዮ! በቅሎ መች ትወልዳለች! በዚህ ዕድሜዬ ስንት በቅሎ ሸጫለሁ፣ አንዲት የወለደች አላየሁም! ይች ሴት ድልድዩም ጋ አልነበረች፣ በቅሎም አይታ አታውቅ፤ አስጠንተው ነው የላኳት! ያዢያት፣ እዚያ ላይ ያዢያት!»

ፈይዛ ስንት ጊዜ ያነበበችው ቃል ነው፤ ጎሁን ስታሳድድ፣ ጭጋጉን ስታሳድድ፣ በቅሎዋ በአፍንጫዋ ሥር ስታልፍ ኖራለች። የቀራትን አንድ ዕድል በሐጂ ቃል ላይ ጣለች፤ ከማስረጃው የበቅሎዋን ሥዕል መርጣ ተጫነች። ትንሿ ጠበቃ ጠረጴዛውን መታች። አይብ ሻጯ ላብ አጠመቃት፣ ሻሿ ወደቀ። «ይኸውላችሁ! ይኸውላችሁ!» አሉ ሐጂ፣ ፈረሳቸው ግልቢያ እንዳሸነፈ ሰው። አቶ ውበቱ ከት ብለው ሳቁ። ሸህ መሐሙድ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ሆኖም ቀጥሎ ማን እንደሚመሰክር የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሟቹ ወንድም ነበረው ወይ? ድልድዩ ላይ ጠባቂ የለም? አይብ ሻጯን ማን አስጠናት? ከማሉዲን ግድግዳውን ተደግፎ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሰማው የለም።

የማታው የመግሪብ አዛን ሲሰማ ነው የነቁት። ሸህ መሐሙድ ተነሱ። «ነገሩ ለሚመጣው ጁምዓ ይደር» አሉ።

«ሸህዬ፣ ምኑ ያድራል?» አለ ከማሉዲን። «አልቆ ነበር እኮ!»

«ምኑ ነው ያለቀው?» አሉ ሐጂ ጫማቸውን እየፈለጉ። «ሴትዮዋን ማን እንዳስዋሻት ሳይታወቅ?»

«እኔ ያልኩት የናንተን ነገር ነው» አሉ ሸህ መሐሙድ፣ ሳይስቁ። «እህትህ ጥፋቴን ንገሩኝ ብላለች። እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም። አንተ ካገኘህ ለጁምዓ ይዘህ ቅረብ። ይደር የተባለ ነገር ደግሞ እንደ ጥንቱ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ይህን አንተ አታጣውም።» ወደ ሦስቱ ጆንያዎች አዩና ወጡ።

ተሸካሚዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከማሉዲን ኮቱን አውልቆ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ትከሻው ላይ አወጣ። ሩፋይዳ መንገድ ለቀቀችለት፣ ቀና ብላ ግን አላየችውም። ፈይዛ ምንጣፉን አጣጥፋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ሊወስድ ሲመለስ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ቆመ።

«ሽማግሌ በመጫወቻ ሸነገልሽ» አላት።

«አልሸነገልኳቸውም። አሳየኋቸው። አንተም አሳዪኝ ብትለኝ አሳይህ ነበር፤ በአንድ ግድግዳ ስንኖር አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

ከማሉዲን ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ፣ ለሦስተኛው ተመለሰ፣ እሱንም ከደጁ፣ ከደረጃው ራስ ላይ ዘጭ አደረገው። ፈይዛ ጌሟን አንስታ የመስታወቷን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«አያ ከማል» አለችው፣ «እሱን ከበሩ ራቅ አድርገው። ጁምዓ ሐጂ ሲመጡ እንዳያደናቅፋቸው።»